ስእለቷን ያልረሳች ከተማ

ኅዳር 12 ቀን የመልአኩ የቅዱስ ሚካኤል ታላቅ በዓል የሚከበርበት፣ በየመንደሩም ጉድፍ ተጠርጎ የሚቃጠልበት ዕለት መሆኑን የማያውቅ አንባቢ የለም። ይኸው ዕለት በአውሮፓውያን አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ኖቬምበር 21 ቀን ይውላል። በኢጣልያ አገር በባሕር ላይ የተሠራችው የቬኒስ ከተማም በዚሁ ቀን ከቸነፈር የዳነችበትን ታስባለች። ሁለት ሕዝቦች ሳይመካከሩ መቅሠፍትን በአንድ ቀን ማሰባቸው ስላስደነቀን፣ ጓደኛም አስጎብኚም ሳንይዝ በዓሉን በዚያች ከተማ ዋልን። ያየነውንም ለቤተ ሰቦች ለማካፈል ይህን ጽፈናል። የአገራችን አቆጣጠር መሆኑን ካልገለጽን በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ወደ ቬኒስ በምድር ባቡር የሚገባ መንገደኛ ከጣቢያው ወጥቶ ደረጃውን ሲወርድ የሚቀበለው ውሃ ነው። ከተማዪቱ ከመቶ በሚበልጡ ትናንሽ ደሴቶች ላይ ተሠርታ ከአራት መቶ በሚበልጡ ድልድዮች የተያያዘች ስለ ሆነች በውስጧ መኪና አይሄድም። ሕዝብ የሚያመላልሰውም፣ ዕቃ የሚጭነውም፣ በሽተኛ ወደ ሐኪም ቤት የሚያደርሰውም ጀልባ ነው። ብቻውን ለሚሄድ ሰው ይህ መልካም ነው፤ መንገዱ ቢጠፋበትም ጠባቡ መተላለፊያ በመጨረሻ ወይ ወደ አደባባይ ወይ ወደ ውሃ ዳር ያወጣዋልና።

ጧት አስቀድመን የሄድነው ወደ ወንጌላዊው ቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ታሪኩ እንደሚለው በ828 ዓ.ም. ሁለት የቬኒስ ነጋዴዎች የወንጌላዊውን ዐፅም ከእስክንድርያ ሲያወጡ፣ ጠባቂዎቹ እንዳይፈትሹት በላዩ የአሳማ ሥጋ ጭነው ሸሽገውት ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ለብዙ ዘመናት ጳጳሳትን ያገኘችው ከቅዱስ ማርቆስ መንበር ስለ ሆነ፣ ኢትዮጵያዊ ምእመን በዚያ ቦታ ሲቆም እንግድነቱ ይቀልለታል። ከዐፅሙም ከፊሉ በ1968 ዓ.ም. ወደ ግብፅ ተመልሶ፣ በካይሮ አዲሱ የቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል ሲመረቅ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሥፍራው ተገኝተው ነበር።

ከዚያ ወጥተን የበዓሉን ሕዝብ ተከተልን። ነገር ግን የበዓሉን መነሻ ማወቅ አስቀድሞ ያስፈልጋል።

በ1630 ዓ.ም. በሰሜን ኢጣልያ በነበረው ጦርነት ምክንያት ቸነፈር ተነሣ። በሽታው ወደ ቬኒስ ገብቶ አንድ መቶ አርባ ሺህ ያህል ነዋሪ ከነበራት ከተማ አርባ ስድስት ሺህ ያህል ሰው ጨረሰ። ቬኒስ ለቸነፈር አዲስ አልነበረችም፤ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በ1423 ዓ.ም. በአንድ ደሴት ላይ ለበሽተኞች ብቻ የሚሆን ቤት አቁማ ነበር። ከባሕር ማዶ የሚመጡትን ሰዎችና ዕቃዎች ለይታ የምታቆይበትም ሌላ ደሴት ነበራት። ዛሬ ዓለም ሁሉ «ኳራንቲን» የሚለው ቃል «አርባ» ከሚለው የኢጣልያንኛ ቍጥር የተገኘ ነው፤ እንግዳው አርባ ቀን ተለይቶ ይቆይ ነበርና። ነገር ግን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ በዚያ ዓመት ሞትን አላቆመውም።

ስለዚህ ኦክቶበር 22 ቀን 1630 ዓ.ም. የከተማዪቱ መስፍን ኒኮሎ ኮንታሪኒና የሸንጎው አባሎች ስእለት ተሳሉ። መቅሠፍቱ ቢርቅ በእመቤታችን ስም ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ሊሠሩ፣ መስፍኑና ከእርሱ በኋላ የሚነሡትም በየዓመቱ እየሄዱ ምስጋና ሊያቀርቡ ቃል ገቡ። በሚከተለው ዓመት የመሠረቱ ድንጋይ ተጣለ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም በሽታው ጠፋ። ሥራው የተሰጠው ባልዳሳሬ ሎንጌና ለሚባል ጎልማሳ መሐንዲስ ነበር። መሬቱ ረግረግ ስለ ሆነ አስቀድሞ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ የእንጨት ችካል በጭቃው ውስጥ እንደ ተተከለ ይነገራል። ሕንፃው ተፈጽሞ የከበረው በ1687 ዓ.ም. ነው። መስፍኑ ስእለቱን ከተሳለ በኋላ ዓመት ሳይሞላው ዐረፈ፤ መሐንዲሱም ዕድሜውን ሁሉ ሲደክምበት ኖሮ ቅዳሴ ቤቱ ሊከበር አምስት ዓመት ሲቀረው ሞተ። ስእለቱን የፈጸሙት ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ናቸው።

ቤተ ክርስቲያኑ «ሳንታ ማሪያ ዴላ ሳሉቴ» ይባላል። «ሳሉቴ» ማለት በቋንቋቸው የሥጋም ጤና፣ የነፍስም ድኅነት ነው። ይህም ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እኛም ከበሽታው የተነሣውን ሰው «ዳነ» እንላለን፣ ከኃጢአት የተፈታውንም «ዳነ» እንላለን።

በሌላ ቀን ወደዚህ ቤተ ክርስቲያን በእግር ለመድረስ ዙሪያ መሄድ ያስፈልጋል። በበዓሉ ሰሞን ግን በታላቁ የውሃ ጎዳና ላይ ተንሳፋፊ ድልድይ ይዘረጋል፤ ይህም የስእለት ድልድይ ይባላል። እኛም ከሕዝቡ ጋር ተጋፍተን ተሻገርን። አያቶች የልጅ ልጆቻቸውን እጅ ይዘዋል፤ አባቶች ሕፃናቱን በትከሻቸው አስቀምጠዋል፤ በክንድ ተደግፈው የሚራመዱ ሽማግሌዎችም ነበሩ። በአደባባዩ የሻማ ሻጮች ተደርድረው ትንሹንም ትልቁንም ይሸጣሉ። ብቻውን ለሚጓዝ ሰው በዓል ከባድ ቀን ነው፤ ሁሉ ከዘመዱ ጋር ሲሆን እርሱ ብቻውን ይቆማልና። በዚያ መንገድ ግን ሻማ የያዘ ሁሉ ወደ አንድ በር ስለሚሄድ የብቻነት ስሜት አላገኘንም።

ሕንፃው ስምንት ማዕዘን ሲሆን በላዩ ታላቅ ጕልላት ተቀምጦበታል። ሥርዓታቸው ከሥርዓታችን የተለየ ስለ ሆነ ከቅዳሴያቸው ሳንሳተፍ በአክብሮት በዳር ቆምን። በታላቁ መሠዊያ ላይ ያለው የዕብነ በረድ ቅርጽ ታሪኩን ያስረዳል፤ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ በመካከል ቆማለች፣ ቬኒስ በወይዘሮ መልክ ተንበርክካ ትለምናለች፣ ቸነፈርም እንደ ክፉ አሮጊት ሆና ትሸሻለች። ከቅርጹ በታች ያለችው ሥዕለ ማርያም ግን ምሥራቃዊት ናት። በቀርጤስ ደሴት በግሪኮች ዘንድ ስትከበር ኖራ፣ ደሴቲቱ በ1669 ዓ.ም. በኦቶማን ቱርኮች እጅ ስትወድቅ ወደዚህ የመጣች ናት። ስሟንም «የሰላም አማላጅ» ብለው ይተረጉሙታል።

ሻማችንን ለአገልጋዩ ልንሰጥ በሰልፍ ቆመን ሳለ አጠገባችን የነበሩ አንዲት ባልቴት ከወዴት እንደ መጣን ጠየቁን። ከኢትዮጵያ መሆናችንን፣ ይህም ቀን በአገራችን ወረርሽኝ የሚታሰብበት መሆኑን በተሰባበረ ኢጣልያንኛችን ነገርናቸው። ባልቴቷም አማትበው፣ «እናንተስ ምን ሠራችሁለት?» አሉን። ጉድፍ ጠርገን እናቃጥላለን ብንላቸው ራሳቸውን በመነቅነቅ መልካም መሆኑን ገለጹልን። ጥያቄያቸው ግን ከእኛ ጋር ቀረ።

ለምሳ የበዓሉን ምግብ ቀመስን። ይህም በጨው ታሽቶና በጢስ ደርቆ የቆየ የበግ ሥጋ ከጥቅል ጎመን ጋር ተቀቅሎ የሚቀርብ ሾርባ ነው። በቸነፈሩ ዘመን ሌላው ሁሉ ከተማዪቱን ሲሸሻት፣ ከባሕር ማዶ ያሉ የዳልማሽያ ሰዎች ይህን ሥጋ ማምጣት አላቋረጡም ይባላል። እነሆ የደግ ጎረቤት ውለታ ከአራት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ በማዕድ ይታሰባል። እኛም ጾመ ነቢያት ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ይህን ማዕድ ማግኘታችን ደስ አሰኘን።

የቬኒስ መሳፍንት መንግሥት በ1797 ዓ.ም. ፈርሷል፤ ስእለቱን እንዲጠብቅ የሚያስገድድ መስፍን ዛሬ የለም። ሕዝቡ ግን ይመጣል፤ ልጆች ምክንያቱን ከአባቶቻቸው እጅ ይዘው በድልድዩ ላይ ሲሄዱ ይሰማሉና።

በአገራችን አቆጣጠር በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን በመታ ጊዜ ብዙ ሺህ ሰው አልቋል፤ ቀባሪም ታጥቶ ነበር። በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ታመው በእግዚአብሔር ቸርነት ድነዋል። ኅዳር 12 ቀን የምናጤሰው ጢስ ከዚያ መከራ ጋር ተያይዞ ሲነገር የኖረ ነው። ዛሬ ግን ጉድፉን የሚያቃጥለው ወጣት ለምን እንደሚያቃጥል ቢጠየቅ ስንቱ ይመልሳል? እኛስ ራሳችን በ2012 ዓ.ም. በአገራችን አቆጣጠር ኮሮና በገባ ጊዜ፣ ብዙዎቻችን የትንሣኤን ሌሊት በየቤታችን አሳልፈን፣ ከዚህ ካወጣኸን እንዲህ እናደርጋለን ብለን የተሳልነውን ስንቶቻችን ፈጽመናል?

ለዚህ የዕብነ በረድ ሕንፃ አያስፈልግም። አባትና እናት በኅዳር ሚካኤል ከቅዳሴ መልስ ልጆቻቸውን ሰብስበው የ1911 ዓ.ም. ታሪክ ይንገሩ። በዚያ በሽታ ያለቁ የቤተ ሰብ አባሎች ስማቸው በቃል የቆየ ቢሆን ከሽማግሌዎች ጠይቀው በጽሑፍ ያኑሩ። በኮሮና ያረፉትንም ከእነርሱ ጋር ይጻፉ። በሰፈሩ ታሞ የተኛ ካለም በዚያው ቀን ከልጆቻቸው ጋር ሄደው ይጠይቁት።