ፋይሉ ሳይሆን አድራሻው

ፎቶ ኮፒ ቤት ፍላሹን አስከፍቶ የሚደነግጥ ተማሪ አይጠፋም። የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያሳትም መጥቷል። ቤት ሲያየው የነበረው ምልክት ፍላሹም ላይ አለ፤ ሲጫኑት ግን ኮምፒዩተሩ ፋይሉ የለም ይላል። ቫይረስ ይጠረጠራል፣ ፍላሹ ይታማል። ብዙ ጊዜ ግን የተገለበጠው ጽሑፉ ሳይሆን ሾርትከቱ ነው፤ ከምልክቱ ግርጌ ያለችውን ትንሽ ቀስት ልብ ያላት የለም። ሾርትከት በዋናነት የያዘው አድራሻ ነው፤ አድራሻው ደግሞ የሚያመለክተው ቤት የቀረውን ኮምፒዩተር ነው። መጠኑም ያጋልጠዋል፦ ፎቶ የበዛበት ጽሑፍ በሜጋባይት ሲቆጠር ሾርትከቱ ከጥቂት ኪሎባይት አያልፍም።

ይህን አድራሻ ባለሙያዎች ፓዝ ይሉታል። ዊንዶውስ ላይ ለምሳሌ «ሲ:\ትምህርት\መመረቂያ\ምዕራፍ 1» ሊሆን ይችላል። ከግራ ሲነበብ መጀመሪያ ዲስኩ፣ ቀጥሎ ፎልደሩ፣ ከዚያ በውስጡ ያለው ፎልደር፣ መጨረሻ ላይ ፋይሉ ይመጣል። «ምዕራፍ 1» የሚባል ፋይል በሌላ ፎልደር ውስጥም ቢኖር አይጋጭም፤ አድራሻቸው ይለያያልና። አንድ ፎልደር ውስጥ ግን ሁለቱ አብረው አይቀመጡም። ዲስኩ ከ«ኤ» ሳይሆን ከ«ሲ» የጀመረውም «ኤ» እና «ቢ» ቀድመው ለፍሎፒ ዲስክ ስለተሰጡ ነው።

ፎልደር ራሱ በማይክሮሶፍት ቤት ዘግይቶ የመጣ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የመጀመሪያው የኩባንያው ሥርዓተ ክወና፣ ኤምኤስ ዶስ፣ ፎልደር አያውቅም ነበር፤ 160 ኪሎባይት በሚይዝ ፍሎፒ ላይ ብዙም አያስፈልግም። በ1983 አይቢኤም 10 ሜጋባይት ሃርድ ዲስክ ያለውን ኮምፒዩተር ሲያወጣ ፋይሉ በዛ፤ ሁለተኛው ዶስም ፎልደርን ይዞ መጣ። ዩኒክስ የተባለው ሌላ ሥርዓተ ክወና ቀደም ብሎ በፎልደሮች መካከል እዝባር (/) ያደርግ ነበር። ዶስ ግን እዝባርን ለትእዛዝ አማራጮች ስለተጠቀመበት ወደ ኋላ ያዘነበለውን (\) መረጠ። የድረ ገጽ አድራሻዎች የዩኒክስን መንገድ በመከተላቸው ዛሬም ሁለቱ ምልክቶች ተጠቃሚውን ያምታታሉ።

አማርኛ ጸሐፊውን የሚፈትነው እዚህ ላይ ነው። መሥሪያ ቤቶቻችን ያለ እዝባር አይሠሩም፦ ት/ቤት፣ ጽ/ቤት፣ ወ/ሮ፣ ዓ/ም። «የት/ቤት ደብዳቤ» የሚል ስም ለመስጠት ሲሞከር ዊንዶውስ አልቀበልም ይላል። ሊኑክስ የተባለው ሥርዓተ ክወና ደግሞ «የት» የሚባል ፎልደር ውስጥ «ቤት ደብዳቤ» የሚባል ፋይል የተፈለገ ይመስለዋል። 12/5/2016 ብሎ ቀን መጻፍም ያው ነው። በሰረዝ ወይም በነጥብ መተካት ግድ ይላል።

ሌላው ጣጣ ሞክሼ ፊደላት ናቸው። ለአንባቢ «ሠራተኞች» እና «ሰራተኞች» አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ፈጽሞ የተለያዩ አድራሻዎች ናቸው። ሁለት ጸሐፊዎች በተፈራረቁበት ቢሮ ሁለቱ ፎልደሮች ጎን ለጎን ተከፍተው፣ ግማሹ ደብዳቤ በአንዱ ግማሹ በሌላው ቢገኝ አይገርምም። በአንዱ አጻጻፍ የተፈለገው በሌላው አይመጣም። ቢሮው አንዱን መርጦ ቢጸና ይሻለዋል።

ርዝመትም ወሰን አለው። ዊንዶውስ ለረጅም ዘመን ሙሉ አድራሻውን በ260 ምልክት ይገድብ ነበር፤ ብዙ ፕሮግራሞች አሁንም ከዚያ አያልፉም። ሊኑክስ ላይ አንድ ስም 255 ባይት ቢፈቀድለትም በተለመደው ዩቲኤፍ 8 አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ 85 ፊደል ላይ ያበቃል። «የ3ኛ ሩብ ዓመት የሥራ አፈጻጸም ሪፖርት የተስተካከለ የመጨረሻ በድጋሚ የተስተካከለ» የሚሉ ስሞች ፎልደር በፎልደር ውስጥ ሲደራረቡ ወሰኑ ሩቅ አይደለም።

ስልክ ላይ አድራሻው አይጠፋም፣ ይደበቃል እንጂ። ቴሌግራም ላይ የተከፈተ ፒዲኤፍ በመተግበሪያው የግል ፎልደር ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው አንድሮይድ 11 ወዲህ ደግሞ ሌሎች መተግበሪያዎች ወደዚያ እንዳይገቡ ተከልክለዋል። በፋይል ማኔጀር ሲፈለግ የሚጠፋው ለዚህ ነው። ወደ ዳውንሎድ እንዲቀመጥ ሲታዘዝ ግን ቅጂው ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ በኢሜይል መላክም ሆነ ወደ ፍላሽ መገልበጥ ይቻላል።