የአባቷን ስም ፍለጋ የመጣች ልጅ

ሰው ካገሩ ርቆ ሲሞት ንብረቱን የሚቈጥርለት አይጠፋም፤ ስሙን በትክክል የሚያውቅለት ግን ሊጠፋ ይችላል። ይህን የተማርነው በአሜሪካ ከተወለደች አንዲት ወጣት እንግዳ ነው። በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ስትወርድ በእጅዋ የነበረው አንድ የቈየ ፎቶግራፍ፥ የአባቷ የሞት ምስክር ወረቀት፥ እንዲሁም በአሮጌ ፖስታ ላይ የተጻፈ የአንድ ሰፈር ስም ብቻ ነበር።

አባቷ በዚያው በስደት አገር ባረፉ ጊዜ ጸሎተ ፍትሐት ሊያደርሱ የቆሙት ካህን «የክርስትና ስማቸው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ከቤተ ሰቡ አንድ እንኳ መልስ የሰጠ አልነበረም። ልጂቱም ያን ዝምታ መርሳት ስላልቻለች ስሙን የሚያውቅ ዘመድ እንዳለ ለመፈለግ መጣች።

ውድ አንባቢያን ሆይ፥ በሌላው ዓለም እንዲህ ያለው ፍለጋ የሚጀመረው ከመዝገብ ነው። ለምሳሌ በእንግሊዝ ምዕራባዊ ጫፍ የሚገኘው የኮርንዎል ሕዝብ በ19ኛው መቶ ዓመት የመዳብና የቈርቈሮ ማዕድኑ ገበያ ሲወድቅ ወደ አውስትራልያ፥ ወደ አሜሪካና ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሰደደ። የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ ዘራቸውን የሚያገኙት በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1538 ጀምሮ በየአጥቢያው እንዲጻፍ በታዘዘው የጥምቀት፥ የጋብቻና የቀብር መዝገብ ነው። በእኛ አገር ግን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደትና ስለ ሞት መዝገብ ቢደነግግም ድንጋጌው ለረጅም ዘመን በሥራ ላይ ሳይውል ቈየ፤ በአገር አቀፍ ደረጃ ምዝገባው የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው።

ስማችንም ቢሆን ለባዕድ አገር ጸሐፊ አይመችም። እኛ ዘንድ ልጅ በአባቱ ስም ይጠራል እንጂ የቤተ ሰብ ስም የሚባል የለም። የልጂቱ አያት ስም ባሕር ማዶ የቤተ ሰብ ስም ሆኖ ሲቀር፥ እዚህ ያሉት የአክስት ልጆች ግን በሌላ ስም ይጠራሉ። ስለዚህ በስም ብቻ ተፈላልጎ መገናኘት አይቻልም።

አባቷ በ1966 ዓ.ም. ለትምህርት ከቦሌ ተነሡ። በዓመቱ አብዮት ሆነ፤ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ የቤተ ሰቡ ቤት በቀበሌ እጅ ገባ፤ ደብዳቤውም ቀስ በቀስ ተቋረጠ። በየካ በኩል የነበረው ያ ሰፈር ዛሬ ፈርሶ ፎቅ ተሠርቶበታል። ልጂቱን ይዘን ከበር ወደ በር ብንጠይቅም «እኛ አዲሶች ነን» ከማለት በቀር የሚመልስልን አልተገኘም።

መንገዱን ያሳየን የዕድር መዝገብ ነው። ሰፈሩ ቢበተንም ዕድሩ አልፈረሰም ነበር። ጸሐፊው ጠርዙ የተበላውን ደብተር ገልጠው የልጂቱን አያት የቀብር ወጪ አገኙ፤ ከዚያው ሥር የወርኀዊ መዋጮ ከፋይ ሆና የተጻፈች አንዲት ሴት ልጅ ነበረች። እኚህም የአባቷ ታላቅ እኅት ናቸው፤ የሚኖሩት በየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ ቤት ነው።

አሮጊቷ ወንድማቸው ማረፉን አልሰሙም ነበር። እንግዲህ ልጂቱ ስም ልትቀበል መጥታ መርዶ ነጋሪ ሆነች። እንደ አገሩ ወግ ጐረቤት በማለዳ ተሰብስቦ ተረዱ። ከለቅሶው በኋላ ዕንባቸውን ጠርገው እንዲህ አሉን፦ «ወንድሜ የተወለደው በዘመነ ዮሐንስ በኅዳር ሚካኤል ነው። የጃንሆይ የብር ኢዮቤልዩ ገና መከበሩ ነበር። ክርስትና ሲነሣ ጥላ ይዤ ከኋላ የሄድኩት እኔ ነኝ።»

እኛም ተቀምጠን ቈጠርን። ዓመተ ምሕረቱን ከ5500 ጋር ደምሮ ለ4 ሲያካፍሉት ምንም ካልተረፈ ዘመኑ ዮሐንስ ነው፤ 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፥ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፥ 3 ቢተርፍ ሉቃስ ይሆናል። ኢዮቤልዩው የተከበረበት 1948 ዓ.ም. ሲደመር 7448 ይሆናል፤ ለ4 ሲካፈል ምንም አይተርፈውም። እንግዲያውስ የልደቱ ቀን ኅዳር 12 ቀን 1948 ዓ.ም.፥ በአውሮፓ አቈጣጠር ኖቬምበር 22 ቀን 1955 ነው። በአሜሪካ ወረቀት ግን 1948 የሚለው ቍጥር ሳይመለስ እንዳለ ስለ ተጻፈ ሰውየው 7 ዓመት አርጅተው ኖሩ፤ 7 ዓመት አርጅተውም ተቀበሩ።

ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ክርስትና ይነሣል፤ ከኅዳር 12 ጀምሮ ቢቈጠር 40ኛው ቀን ታኅሣሥ 21፥ የእመቤታችን ዕለት ነው። የክርስትና ስማቸውም ከዚህችው ዕለት ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። ስሙ የቤተ ሰቡ ነውና እዚህ አንጽፈውም። ልጂቱ ግን በወረቀት ጽፋ ከአክስቷ ጋር ወደ አጥቢያቸው ሄደች፤ በጸሎቱም ላይ ስማቸው ተጠራ።

አበው ሰባት ቤት የሚቈጥሩት በከንቱ አልነበረም፤ ጋብቻውም የርስቱም ክርክር በዚያ ይዳኝ ነበርና። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲታወጅ ርስት ቀረ፤ ከርስቱም ጋር ዘር መቍጠር እየተረሳ ሄደ። ያ ዕውቀት ዛሬ ያለው በጥቂት አረጋውያን ልብ፥ በአሮጌ ዳዊት ባዶ ገጽ፥ በዕድርና በማኅበር ደብተር ውስጥ ነው።

ስለዚህ በየቤታችሁ አንድ ደብተር ግዙ። የእያንዳንዱን ሰው መጠሪያ ስምና የክርስትና ስም፥ የተወለደበትን ቀንና ዘመነ ወንጌላዊውን፥ ክርስትና የተነሣበትን አጥቢያ፥ የክርስትና አባቱን ወይም እናቱን ጻፉ፤ ዓመቱንም በሁለቱ አቈጣጠር አድርጉት። ግልባጩን በባሕር ማዶ ላለው ልጃችሁ ላኩለት። አያት በሕይወት ሳሉ ይህ የአንድ ምሽት ሥራ ነው፤ ካለፉ በኋላ ግን ውቅያኖስ አቋርጦ የመጣ የልጅ ልጅ እንኳ ላያገኘው ይችላል።