መምህርና መሣሪያ የሌለው የሙያ ክፍል ሙያተኛ አያወጣም

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኙት ለቡ፣ ጀሞና ሀና ማርያም ከጥቂት ዐሥርተ ዓመታት በፊት የገበሬ ማሳ የነበረባቸው ቦታዎች ናቸው። በከተማው ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ እየተስፋፋ በመምጣቱ፣ በሬ ይጠመድበት የነበረው መሬት ሕንፃና መንገድ ሆኗል። ማሳው ሲያልቅ ሞፈርና ቀንበር መውረስ ዋጋ የለውም። በአንፃሩ ሕንፃው ሁሉ በርና መስኮት፣ ቤቱ ሁሉ አልጋና ቁም ሣጥን ይሻል። የገበሬው ልጅ ይህን የሚሠራ እጅ ይኑረው ወይስ ቆሞ ይመልከት የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው በትምህርት ቤት ነው።

ነገሩ የከተማ ዳር ጉዳይ ብቻ አይደለም። መሬቱ ለልጆቹ ሁሉ የማይዳረስለት ገበሬ በየቀበሌው አለ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነዋል። ከመቶ ልጆች ከዘጠና በላይ የሚሆኑት ግማሹን ነጥብ ሳያገኙ ከትምህርት ገበታ ከተነሡ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እጃቸው ምን ተማረ ብሎ መጠየቅ የወላጅና የማኅበር መሪ ተግባር ይሆናል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም

የአዲስ አበባ ተግባረ እድ ትምህርት ቤት ሥራ የጀመረው በ1934 ዓ.ም. ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተቋቁመው፣ ከቀለም ትምህርት ጎን ለጎን እርሻ፣ ንግድ፣ የእጅ ሥራና የቤት ባልትና ይሰጥ ነበር። ይሁን እንጂ ጥሬ ዕቃና የሠለጠነ መምህር በበቂ አልተገኘም። ወላጁም ልጁ ቢሮ እንዲገባ እንጂ መጋዝ እንዲይዝ አልፈለገም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የሙያ ሥልጠና ለብቻው በተቋቋሙ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት እንዲሰጥ ተደረገ። በዚሁ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ንፋስ ስልክ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ የዚህ ዘርፍ ተቋም ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ መዋል የጀመረው ሥርዓተ ትምህርት ግን ሙያን እንደገና ወደ መደበኛው ክፍል መልሶታል። በ7ኛና በ8ኛ ክፍል የሙያና ቴክኒክ ትምህርት፣ እንዲሁም የክወናና የእይታ ጥበባት ማለትም ሙዚቃ፣ ቴአትርና ሥዕል ይሰጣሉ። በ11ኛና በ12ኛ ክፍል እርሻንና ጤናን የመሳሰሉ የሙያ ዘርፎች እንዲሰጡ ታቅዷል። የቀድሞው ሙከራ የወደቀበትን ምክንያት ያላስተዋለ ግን በዚያው ጉድጓድ መውደቁ አይቀርም።

እጅ እንዴት ይማራል?

በርጩማ መሥራትን እንውሰድ። መምህሩ በመጀመሪያ ራሱ ሠርቶ ያሳያል። ጣውላውን በሜትር ለክቶ፣ በስኳድራ አስተካክሎ በእርሳስ ያሰምራል። በሞርሳ አስሮ በመጋዝ ይቆርጣል። አንዱን እንጨት በመሮ ቦርቡሮ፣ የሌላውን ጫፍ አሹሎ አንዱን በአንዱ ውስጥ ያስገባል። ገና በሚሰመርበት ጊዜ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከተሳተ በርጩማው ይወዛወዛል። ተማሪው ይህን ከመጽሐፍ አያገኘውም። አጥፍቶ፣ ፈትቶ፣ እንደገና ሲሠራ ነው የሚገባው።

ስድሳ ተማሪ ባለበት ክፍል አንድ መጋዝ ብቻ ካለ፣ በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ለአንድ ተማሪ የሚደርሰው 40 ሴኮንድ ነው። ቀሪውን ጊዜ ማስታወሻ ሲገለብጥ ይውላል። ስለዚህ ዘዴኛ መምህር ክፍሉን በቡድን ይከፍላል። አንዱ ሲለካ ሌላው ይቆርጣል፣ ሦስተኛው ይቦረቡራል፣ ከዚያም ይለዋወጣሉ። ይህን ለማድረግ መምህሩ ራሱ የሙያው ባለቤት መሆን አለበት። የዛሬው አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም በአንድ ወቅት የሙያ መምህራን የሚሠለጥኑበት ኮሌጅ ነበር።

ሥዕልና ቴአትር ለጨዋታ አይደሉም

አንዳንድ ወላጅ የሥዕል ክፍለ ጊዜን እንደ ዕረፍት ይቆጥረዋል። ነገር ግን አንድን ዕቃ ከፊት፣ ከጎንና ከላይ አይቶ በወረቀት ላይ ማስፈር ያልለመደ ልጅ አልጋ ወይም የብረት በር ሊሠራ አይችልም። ደንበኛው የሚፈልገውን ስሎ ማሳየት የማይችል ሙያተኛ ዕቃውን ሁለት ጊዜ ለመሥራት ይገደዳል። መዝሙርና አጭር ቴአትርም ለገጠሩ ይጠቅማሉ። የምንጭ ጥበቃን ወይም የችግኝ እንክብካቤን በንግግር ከመስማት ይልቅ፣ ልጆች ሲጫወቱት ያየ ሰው አይረሳውም። አርቲስት አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን ሲመሠርቱ፣ ሥዕል በሥርዓት የሚማሩት ሙያ መሆኑን አሳይተዋል።

ንቀቱ ይወገድ

ብረት ሠሪን፣ ሸማኔን፣ ሸክላ ሠሪን መናቅ ልማትን ሲያስር የኖረ ልማድ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ባለእጆች እንዳይሰደቡ በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ማረሻውን የሚስልለትን ሰው የሚንቅ ገበሬ ልጁን የሙያ ክፍል ቢያስገባ እንኳ በልቡ እንደተሸነፈ ይቆጥረዋል። ልጁም ይህን ያያል።

ከማኅበር መሪዎች የሚጠበቀው

በቅድሚያ፣ የወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ የተገኘ መሪ ሪፖርት አዳምጦ ብቻ መመለስ የለበትም። የሙያ ክፍሉን ገብቶ ይይ፤ ስንት መሣሪያ እንዳለ ይቁጠር፤ ተማሪዎች በዚያ ወሰነ ትምህርት የሠሩትን ይጠይቅ።

ሁለተኛ፣ ባሕር ዛፍ ያለው ማኅበር ጥቂት ግንዶች ለትምህርት ቤቱ ቢሰጥ ጥሬ ዕቃ አይቸግርም። ባሕር ዛፍ በፀሐይ ቶሎ ከደረቀ ስለሚሰነጠቅ፣ በጥላ ሥር ከመሬት ከፍ ብሎ ተደርድሮ ቀስ በቀስ ይድረቅ።

ሦስተኛ፣ የተሰበረ ወንበር፣ የላላ ቀንበር፣ የማር ቀፎ ሥራ ወደ ትምህርት ቤቱ ይምጣ። ተማሪው ለእውነተኛ ባለጉዳይ ሲሠራ ይጠነቀቃል።

አራተኛ፣ በቀበሌው ያሉ አናጢዎች፣ ብረት ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪ እናቶች መምህሩን እንዲያግዙ ይጋበዙ። ሴት ልጆችም መርፌ ብቻ ሳይሆን መጋዝና መሮ ይያዙ።

በለቡና በጀሞ ማሳው አልቋል። ገና የሚያርሱ ቀበሌዎች ግን ጊዜ አላቸው። የሙያ ክፍል መኖሩ የሚረጋገጠው በበሩ ላይ በተጻፈው ስም ሳይሆን፣ ልጁ በዓመቱ መጨረሻ ሠርቶ ወደ ቤቱ በሚያመጣው ዕቃ ነው።