የቲማቲም ዕድሜ፦ ከማዳቀያ ማሳ እስከ ገበያ ሳጥን

በመቂና በዝዋይ አካባቢ ከሚገኙ የመስኖ ማሳዎች የተለቀመ ቲማቲም በእንጨት ሳጥን ታጭቆ፣ በጭነት መኪና ላይ ተደራርቦ ወደ አዲስ አበባ ይጓዛል። ጉዞው ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሆኖም ሳጥኖቹ ሲራገፉ ከታች ያሉት ፍሬዎች ፈርጠው፣ ጭማቂያቸው በመኪናው ወለል ላይ ሲፈስ ማየት ለገበያው ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የሚፈሰውም ጭማቂው ብቻ አይደለም፤ ገበሬው ለዘር፣ ለማዳበሪያና ለውኃ መሳቢያ ሞተር ነዳጅ ያወጣው ገንዘብ፣ ለወራት የደከመበትም ጉልበት አብሮ ይፈሳል።

ብዙዎቻችን የችግሩ መፍትሔ «ጠንካራ ዝርያ» ማግኘት ብቻ ይመስለናል። በዚህ ጽሑፍ እንደምንመለከተው ግን፣ ዝርያ ለፍሬው ተጨማሪ ቀናትን ይሰጠዋል እንጂ የቀናቱን አጠቃቀም አይወስንም። ያን የሚወስነው የለቀማው ጊዜና ከለቀማ በኋላ ያለው አያያዝ ነው።

መብሰል ምንድን ነው?

የተለቀመ ቲማቲም ሕይወቱ ያላለፈ አካል ነው። ይተነፍሳል፣ ሙቀት ያመነጫል፣ ውኃም ያጣል። እንደ ሙዝ፣ አቮካዶና ማንጎ ሁሉ ከእናት ተክሉ ከተለየ በኋላም መብሰሉን ይቀጥላል። ይህን ሂደት የሚመራው ኤትሊን የተባለ፣ በዓይን የማይታይ ጋዝ ነው።

የኤትሊን ታሪክ የሚጀምረው ከመብራት ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 ዲሚትሪ ኔልጁቦቭ የተባለው ሩሲያዊ ተመራማሪ፣ በቤተ ሙከራው የበቀሉት የአተር ቡቃያዎች ቀጥ ብለው ማደግ የተሳናቸው ከመብራት ጋዝ በሚወጣ ኤትሊን ምክንያት መሆኑን አሳየ። በ1934 ደግሞ እንግሊዛዊው ሪቻርድ ጌን ፍሬዎች ራሳቸው ይህን ጋዝ እንደሚያመነጩ አረጋገጠ። በሀገራችን አንዳንድ የሙዝ ነጋዴዎች በተዘጋ ክፍል ውስጥ የነጭ ጋዝ ምድጃ ለኩሰው ሙዝ ሲያበስሉ የሚጠቀሙትም በጭሱ ውስጥ በሚገኘው ኤትሊንና በመሰል ጋዞች ነው።

ኤትሊን አንድ ልዩ ጠባይ አለው፤ ጥቂቱ ብዙውን ይጠራል። ፍሬው መብሰል ሲጀምር የሚያመነጨው ጋዝ ሌላ ኤትሊን እንዲመረት ያደርጋል። አረንጓዴው ሐመልማል ይፈርሳል፣ ላይኮፒን የተባለው ቀይ ቀለም ይሠራል፣ የሕዋሳቱን ግድግዳ ያያያዘው ፔክቲንም በኢንዛይሞች እየሟሟ ፍሬው ይለሰልሳል። በአንድ ሳጥን ውስጥ የገባ አንድ የበሰለ ቲማቲም ጎረቤቶቹን ሁሉ የሚያጣድፋቸው በዚህ ምክንያት ነው።

የአዳቃዮች መንገድ

በ1960ዎቹ በአሜሪካ ፍሬው ከቶ የማይቀላ የቲማቲም ተክል ተገኘ። ይህ የባሕርይ ለውጥ «ሪን» የሚል አጭር ስም ተሰጠው። ብቻውን ጥቅም የሌለው ይምሰል እንጂ፣ ከመደበኛ ቲማቲም ጋር ሲዳቀል የመጀመሪያው ትውልድ ቀስ ብሎ ይቀላል፤ ከቀላም በኋላ ለረዥም ጊዜ ሳይለሰልስ ይቆያል። በዓለም ገበያ «ረዥም ዕድሜ» እየተባሉ ከሚሸጡት ድቅል ዝርያዎች ብዙዎቹ በዚህ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ዘረ መሉ በ2002 ተለይቶ ታወቀ። ለዓመታት ሪን ሥራውን ያቆመ ዘረ መል ብቻ እንደሆነ ሲታመን ቢቆይም፣ በ2017 የጃፓን ተመራማሪዎች የተለወጠው ዘረ መል መብሰልን በንቃት የሚገታ መሆኑን አሳይተዋል።

እዚህ ላይ ገበሬውን በቀጥታ የሚነካ ጉዳይ አለ። ሪንን ከያዘ ድቅል ቲማቲም ላይ ዘር አስቀርቶ የሚዘራ ሰው፣ ሜንዴል ባስተማረን ሕግ መሠረት ከተክሎቹ ሩብ ያህሉ እንደ መደበኛው የሚበስል፣ ግማሹ እንደ ድቅሉ የሚዘገይ፣ ቀሪው ሩብ ግን ፈጽሞ የማይቀላ ፍሬ ይሰጡታል። ስለዚህ የድቅል ዘር በየወቅቱ መገዛት አለበት። ከመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት መልካሾላና መልካሳልሳ ግን ድቅል ባለመሆናቸው፣ ከንጹሕ ማሳ በጥንቃቄ የተያዘ ዘራቸው ባሕርዩን ጠብቆ ይበቅላል።

ማዳቀል ያልታሰበ ዋጋም ያስከፍላል። አዳቃዮች ለለቀማ አመቺ በመሆኑ፣ ከመብሰሉ በፊት መላ አካሉ ወጥ የሆነ ፈዛዛ አረንጓዴ ቀለም ያለውን ፍሬ ለ70 ዓመታት ያህል ሲመርጡ ቆይተዋል። በ2012 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ይህ ምርጫ በፍሬው ውስጥ የፀሐይ ብርሃንን የሚጠቀሙትን ክፍሎች የሚያጎለብተውን ዘረ መል አሰናክሏል፤ በውጤቱም የፍሬው ስኳር ቀንሷል። ዛሬ «ቲማቲም እንደ ድሮው አይጣፍጥም» የሚለው የእናቶቻችን ቅሬታ በቤተ ሙከራ የተደገፈ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ከለቀማ በኋላ

እንግዲህ ያሉንን ቀናት እንዴት እንጠቀምባቸው? የመጀመሪያው ጉዳይ የለቀማ ጊዜ ነው። ጨቅላ ሳለ የተለቀመ ፍሬ ቢቀላም አይጣፍጥም። መድረሱን ለማወቅ አንድ አረንጓዴ ፍሬ በስለታም ቢላዋ አግድም መቁረጥ ይበቃል፤ የዘር ክፍሎቹ በዝልግልግ ከተሞሉና ዘሮቹ ከቢላዋው ሸሽተው ሳይቆረጡ ከቀሩ ፍሬው ደርሷል። ጫፉ ላይ ሮዝ ቀለም ብቅ ካለ ደግሞ ያለ ማንም እርዳታ ይበስላል። ለአጭር ጉዞ ይህ ደረጃ ተመራጭ ነው፤ ሥጋው ገና ጠንካራ ነው፣ ጣዕሙም የተጠበቀ ነው።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ቲማቲም በጥሩ ሁኔታ የሚበስለው ከ18 እስከ 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ነው። ከ30 ዲግሪ በላይ ላይኮፒን መሠራቱን ስለሚያቆም ፍሬው ቢጫማ ሆኖ ይለሰልሳል። ከ10 ዲግሪ በታች በሆነ ቅዝቃዜ ለብዙ ቀናት የቆየ አረንጓዴ ፍሬ ደግሞ ይጎዳል፤ ሲወጣም በወጉ አይቀላም። ፀሐይ ላይ የተከመረ ሳጥን፣ በሸራ ታፍኖ የቆመ መኪና፣ ያለጊዜው የተከፈተ ማቀዝቀዣ ሁሉም ጠላቶቹ ናቸው።

መፍትሔው ሁልጊዜ ውድ መሣሪያ አይሻም። በ1980ዎቹ የሕንድ ተመራማሪዎች በሁለት የጡብ ግድግዳዎች መካከል አሸዋ ሞልተው ውኃ በማጠጣት፣ ያለ ኤሌክትሪክ የሚቀዘቅዝ ማከማቻ ሠርተዋል። ውኃው ሲተን ሙቀትን ይዞ ስለሚሄድ፣ እንደ ስምጥ ሸለቆ ባለ ደረቅ አየር ዘዴው በተለይ ውጤታማ ነው። በአንጻሩ ካርባይድን ለማብሰያ መጠቀም ሊወገዝ ይገባል፤ የሚያመነጨው አሴቲሊን ኤትሊንን ቢመስልም፣ ለኢንዱስትሪ የሚመረተው ካርባይድ የአርሴኒክና የፎስፈረስ ቅሪት ሊኖረው ስለሚችል ለሠራተኛውም ለተመጋቢውም አደገኛ ነው።

አዳቃዩ ዓመታት ፈጅቶ ለፍሬው የሚጨምርለትን ዕድሜ፣ በፀሐይ ላይ የዋለ አንድ ሳጥን በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊያጠፋው ይችላል። ስለሆነም የዝርያ ምርምርና የድኅረ ምርት ጥናት እጅ ለእጅ ተያይዘው ሊሄዱ ይገባል እንላለን። ለገበሬው የተሻለ ዘር በምንሰጥበት ቀን፣ የቢላዋውን ፈተና፣ የጥላውን ጥቅምና እርጥብ አሸዋ የተሞላውን የጡብ ግድግዳ አሠራር አብረን ካላሳየነው፣ ሥራችን ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው።