ወደ ጋራ ማኅደር ሥራን ስለ መመለስ

እርስዎ የመዝገብ ቤትን ሥርዓት ያውቃሉ። ዶሴ የወሰደ ሰው ይፈርማል፤ ሲመልስም ገጹ ሳይጎድል፣ የሠራውን በማስታወሻ ገልጾ ይመልሳል። ይህ ባይሆን አንዱ የጻፈውን ሌላው ሳያውቅ ባጠፋው ነበር። የኮምፒዩተር ሶፍትዌር የሚጽፉ ባለሙያዎችም የሚጠነቀቁት ስለዚሁ ጉዳይ ነው።

አንድ ሶፍትዌር በብዙ ፋይሎች ተከፍሎ በብዙ ሰዎች እጅ ይሠራል፤ ፋይሎቹም ለውጣቸው ሁሉ እየተመዘገበ በአንድ የጋራ ማኅደር ይጠበቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1972 ማርክ ሮችካይንድ በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪ ኤስሲሲኤስ የተባለውን ሥርዓት ሠራ፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ዋልተር ቲቺ አርሲኤስን አወጣ። በእነዚህ ሥርዓቶች አንዱ ፋይሉን ለማረም ሲወስድ ይቆለፍለታል፤ እስኪመልስም ድረስ ሌላው ያነበዋል እንጂ አያርመውም። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 የጀመረው ጊት ግን በዚህ መንገድ አይሄድም። እያንዳንዱ ሠራተኛ የማኅደሩን ቅጂ ይዞ በየፊናው ይሠራል፤ በኋላም ሥራው ይዋሐዳል።

ታዲያ ነጻነቱ ሲሰፋ ኀላፊነቱም ይሰፋል። ሁለት ሰዎች አንዱን መስመር በየራሳቸው ቢለውጡ ጊት ግጭቱን ያመለክታል፤ ማን ትክክል እንደ ሆነ ግን አይፈርድም። ከዚህ የከፋም አለ። አንዱ የወር ደመወዝ ይሰጥ የነበረውን ስሌት የዓመት እንዲሰጥ ቢለውጠው፣ ሌላው ደግሞ በሌላ ፋይል ያንኑ ውጤት የወር ነው ብሎ ቢሠራበት፣ መስመሮቹ ስላልተነካኩ ሁለቱ ለውጦች ያለ ድምፅ ይዋሐዳሉ፤ ደመወዙ ግን ይሳሳታል።

ስለዚህ ሥራውን የሚመልስ ሰው አስቀድሞ ሌሎች ያስገቡትን አዲስ ለውጥ ተቀብሎ ከራሱ ጋር ያዋሕድ፤ የተዋሐደውንም በሙሉ ይፈትን። ቀጥሎ የለወጠውን መስመር በመስመር ይመርምር። በተለይ የምስጢር ቃል እንዳይገባ ይጠንቀቅ፤ አንድ ጊዜ ከገባ፣ በማግሥቱ ቢሰረዝ እንኳ በቀድሞው ቅጂ ውስጥ ይገኛልና። ከዚህም ሌላ ለውጡ በአንድ ጉዳይ የተወሰነ ይሁን፤ ምክንያቱም በግልጽ ይጻፍ። «አስተካከልሁ» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ ምን ጉድለት ስለ ተገኘ እንደ ተስተካከለ ይነገር።

ማኅደሩ የተሰጠውን ሁሉ፣ ስሕተቱንም ጭምር፣ በታማኝነት ይጠብቃል። ስለዚህ ምርመራው መቅደም ያለበት ከመላሹ እጅ ሳይወጣ ነው።