ስለ ቡና ገበሬዎች ማኅበር

ሰው ብቻውን ሲሆን ኃይሉ ጥቂት ነው፤ ከባልንጀራው ጋራ ሲተባበር ግን ብቻውን የማይችለውን ሥራ ይፈጽማል። ይህንንም የኢትዮጵያ ሰው ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። የእርሻ ሥራ ሲበዛበት ደቦ ይጠራል፤ ገንዘብ ሲያስፈልገው እቁብ ይጥላል፤ ሐዘን ሲደርስበት በእድር ይረዳዳል። የገበሬዎች ማኅበር የሚባለውም ከዚሁ አሳብ የወጣ ነው። ነገር ግን ደቦ ሥራው ሲያልቅ ይበተናል፤ ማኅበር ግን ሕግና መዝገብ ስላለው ከዓመት እስከ ዓመት ጸንቶ ይኖራል።

ሄርማታ በጅማ ከተማ ያለ የታወቀ የገበያ ስፍራ ነው። ከ1870 ዓ. ም. ገደማ ጀምሮ ከ50 ዓመት በላይ የገዙት የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥታቸው በጅሬን ኮረብታ ላይ ነበረ፤ ከኮረብታውም በታች በሄርማታ በየሐሙሱ ታላቅ ገበያ ይቆም ነበር። ነጋዴዎችም ከሩቅ አገር በበቅሎና በአህያ እየጫኑ ይመጡ ነበር። በዚህ አገር ቡና ያለ ገበያ የቀረበት ዘመን የለም፤ ይሁን እንጂ ቡናውን ያበቀለው ገበሬ ከገበያው የሚያገኘው ጥቅም ብዙ ጊዜ ጥቂት ነበር።

የዚህም ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው፥ አንድ ጆንያ ቡና ይዞ ብቻውን ወደ ገበያ የሚወጣ ገበሬ በአዲስ አበባና በውጭ አገር ያለውን ዋጋ አያውቅም፤ ነጋዴው ግን ያውቃል። ገበሬውም ችግር ሲያጣድፈው የተጠየቀውን ዋጋ ተቀብሎ ይሄዳል። ሁለተኛው፥ የቡናው አያያዝ ነው። ቀዩና አረንጓዴው ፍሬ ተቀላቅሎ ተለቅሞ በባዶ መሬት ላይ ሲሰጣ ጀንፈሉ የአፈርና የሻጋታ ሽታ ይይዛል። ስለዚህ የጅማ ቡና በውጭ አገር ገዢዎች ዘንድ ለብዙ ዘመን «ጅማ 5» በሚባል በዝቅተኛ ደረጃ ይታወቅ ነበር። ጥፋቱ የዛፉ አልነበረም፤ የአያያዙ ነበር እንጂ።

ቡና መልካም እንዲሆን የበሰለው ቀይ እሸት ብቻ ተለቅሞ በዚያው ቀን ወደ መፈልፈያው መድረስ አለበት። ቅርፊቱ በመኪና ይፈለፈላል፤ ፍሬው በንጹሕ ውኃ ይታጠባል፤ ከዚያም ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ተሰጥቶ እየተገላበጠ ይደርቃል። 6 ኪሎ ያህል እሸት 1 ኪሎ ያህል ንጹሕ ቡና ይሰጣል። መፈልፈያውን መኪና፥ የማጠቢያውን ገንዳና የማድረቂያውን አልጋ ግን አንድ ገበሬ ብቻውን ሊገዛው አይችልም። ማኅበር የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

ለዚህም ምሳሌ የሚሆን በአጋሮ አጠገብ በጎማ ወረዳ የሚገኘው የዱሮሚና ማኅበር ነው። ስሙ በኦሮምኛ መበልጸግ ማለት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ዓ. ም. ከመቶ የሚበልጡ ገበሬዎች ተሰብስበው መሠረቱት። ቴክኖሰርቭ የሚባል ለትርፍ ያልቆመ የውጭ አገር ድርጅት ስለ ቡና አያያዝና ስለ ሒሳብ አያያዝ አስተማራቸው፤ ለማጠቢያ ጣቢያውም ብድር እንዲያገኙ ረዳቸው። ቡናውን ግን የለቀሙት፥ ያጠቡትና ያደረቁት ገበሬዎቹ ራሳቸው ናቸው። በ2004 ዓ. ም. የዱሮሚና ቡና ከአፍሪካ አገሮች ቡና ጋራ ተወዳድሮ አንደኛ ወጣ። አስቀድሞ የተናቀው አገር ቡና በጥቂት ዓመት ውስጥ እንዲህ ተመሰገነ፤ መሬቱም ዛፉም ግን ያው የቀድሞው ነው።

አንድ ማኅበር ብቻውን ለውጭ አገር ገዢ ለመሸጥ ይቸገራል። ስለዚህ ማኅበሮች በፋንታቸው ተባብረው ዩኒዬን የሚባል ታላቅ ማኅበር ያቆማሉ። በአጋሮ ያለው የካታ ሙዱጋ ዩኒዬን የዚህ ዓይነት ነው። ከዚህም በፊት በ1991 ዓ. ም. 34 ማኅበሮች ተባብረው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒዬንን መሥርተዋል፤ በመሪነቱም አቶ ታደሰ መስቀላ የታወቁ ሆኑ። ዩኒዬን ቡናውን በአንድነት አዘጋጅቶ ለውጭ አገር ገዢ በቀጥታ ስለሚሸጥ፥ በመካከል ለብዙ እጅ ይከፈል የነበረው ገንዘብ ወደ ገበሬው ይመለሳል።

የማኅበር ሥርዐት በሌላም አገር የተፈተነ ነው። በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ 28 ሠራተኞች እያንዳንዳቸው 1 ፓውንድ አዋጥተው በታኅሣሥ 1837 ዓ. ም. ዱቄት፥ ቅቤና ስኳር የሚሸጡበት ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። ደንባቸውም ለእያንዳንዱ አባል አንድ ድምፅ የሚሰጥ ነበረ። በኢትዮጵያም በ1991 ዓ. ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 147 ይህንኑ ሥርዐት ተከተለ፤ ከተጣራው ትርፍ 30 በመቶው ለመጠባበቂያና ለሥራ ማስፋፊያ እንዲቀር፥ የተረፈውም ለአባሎች እንዲከፋፈል አዘዘ። ይህ ዐዋጅ በ2009 ዓ. ም. በዐዋጅ ቁጥር 985 ተተክቷል።

የትርፉ አከፋፈል እንዲገባ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ማኅበር በዓመቱ 600,000 ብር አተረፈ እንበል። 30 በመቶው 180,000 ብር ነው፤ የሚቀረው 420,000 ብር ይሆናል። አባሎቹ በጠቅላላው 140,000 ኪሎ እሸት አምጥተው እንደ ሆነና ክፍያው በኪሎው ልክ ቢሆን፥ ለእያንዳንዱ ኪሎ 3 ብር ይደርሳል። እንግዲህ 800 ኪሎ ያመጣው 2,400 ብር፥ 200 ኪሎ ያመጣው 600 ብር ይቀበላል። በስብሰባ ግን ሁለቱም አንድ አንድ ድምፅ አላቸው።

ማኅበርን የሚያፈርሰው ነገርም መታወቅ ይገባዋል። አንደኛ፥ ግዴታ ነው። በደርግ ዘመን ገበሬው በአምራቾች ማኅበር ገብቶ በአንድነት እንዲያርስ በመንግሥት ይገፋ ነበር፤ በ1982 ዓ. ም. ግን መንግሥት የቅይጥ ኢኮኖሚ ሥርዐት ባወጀ ጊዜ ብዙዎቹ ማኅበሮች ወዲያው ፈረሱ። ሳይወድ የገባ ሰው በሩ ሲከፈትለት ይወጣልና። ሁለተኛ፥ ቃል ማፍረስ ነው። ማኅበሩ ተበድሮ መፈልፈያ ከተከለ በኋላ፥ አባሉ በመከር ጊዜ ጥቂት ሳንቲም የጨመረለትን ነጋዴ አይቶ እሸቱን ወደዚያ ቢወስድ፥ መኪናው ያለ ሥራ ይቆማል፤ ዕዳው ግን አይቆምም፤ ባልንጀራው ይከፍለዋል። ሦስተኛ፥ የተሰወረ ሒሳብ ነው። ገንዘብ ያዡ ሐቀኛ ቢሆን እንኳ መዝገቡ በስብሰባ ካልተነበበ ሐሜት ይነሣል፤ ሐሜት ከተነሣም መተማመን ይጠፋል፤ መተማመንም ከጠፋ ማኅበሩ ስሙ ብቻ ይቀራል።

ስለዚህ የማኅበር ምሰሶው መኪናው አይደለም፤ በፈቃድ የገባ አባል፥ የተጠበቀ ቃልና የተገለጠ መዝገብ ናቸው። በዚህም ሥራ ለተማሪ ትልቅ ድርሻ አለው። አባቱ ወይም እናቱ እሸት አስመዝነው ሲመለሱ ደረሰኙን ያንብብላቸው፤ ኪሎውንና ዋጋውን ያባዛ፤ ድምሩንም ከተቀበሉት ገንዘብ ጋራ ያስተያይ። ሒሳቡ ትክክል ቢሆን ወላጆቹ ማኅበራቸውን ይበልጥ ያምኑታል፤ ስሕተት ቢገኝበትም በጊዜው ይታረማል። በመንደር ትምህርት ቤት የተማረ የማባዛትና የመደመር ትምህርት የመንደሩን ሀብት የሚጠብቅ ዘብ ነው።

ጥያቄዎች
1. ደቦና ማኅበር በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?
2. ከላይ በተነገረው ምሳሌ 500 ኪሎ እሸት ያመጣ አባል ስንት ብር ይደርሰዋል?
3. አንድ አባል እሸቱን ከማኅበሩ ውጭ ቢሸጥ ጉዳቱ ለማን ነው? ስለ ምንስ?