የዘር ጥብጣብ ሒሳብ

የዘር ጥብጣብ ደቃቅ ዘር በልኩ ተራርቆ የተለጠፈበት ስስ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ከነዘሩ አፈር ውስጥ ይቀበራል፤ እርጥበት ሲያገኝ ይበሰብሳል፣ ዘሩም በተለጠፈበት ቦታ ይበቅላል። በውጭ አገር የዘር ኩባንያዎች በማሽን አዘጋጅተው በጥቅል ይሸጡታል። በቤት ለመሥራት ግን ሶፍት፣ አንድ ሁለት ማንኪያ የፉርኖ ዱቄት፣ ማስመሪያና ስቴኪኒ ይበቃል። ከዘሩ በቀር ይህ ነው የሚባል ወጪ የለበትም።

ሶፍቱ ሁለት ጣት ያህል ስፋት እየተሰጠው በረጅሙ ይቆረጣል። ዱቄቱ በጥቂት ውኃ ወፈር ተደርጎ ይበጠበጣል፤ ከቀጠነ ወረቀቱን ይበጣጥሰዋል፣ ዘሩንም አርሶ ያለጊዜው ያነቃዋል። ቀጥሎ በማስመሪያ እየተለካ፣ ለካሮት ከሆነ በየ5 ሳንቲሜትሩ፣ የዱቄቱ ማጣበቂያ ጠብ ይደረጋል፤ በእያንዳንዱ ጠብታ ላይ በስቴኪኒ ጫፍ ሁለት ዘር ይቀመጣል። ጥብጣቡ ጥላ ሥር በደንብ ከደረቀ በኋላ የሰብሉ ስም ተጽፎበት ይጠቀለልና እርጥበትና ሙቀት በሌለበት ቦታ ይቀመጣል። የመዝሪያው ጊዜ ሲደርስ 1 ሳንቲሜትር ያህል ጥልቀት ባለው ትልም ተዘርግቶ አፈር ይለብሳል። ካሮት ለመብቀል ከ1 እስከ 3 ሳምንት ስለሚፈጅ እስከዚያ አፈሩ ሊደርቅ አይገባም።

1 ግራም የካሮት ዘር ወደ 800 ፍሬ ይይዛል። 10 ሜትር ርዝመት ያለው አንድ መስመር በየ5 ሳንቲሜትሩ 200 ጠብታ ይወጣዋል፤ ሁለት ሁለት ዘር ሲደረግ 400 ፍሬ ወይም ግማሽ ግራም ማለት ነው። በተለመደው አዘራር በሄክታር 5 ኪሎ ዘር ቢወስድና መስመሮቹ በ25 ሳንቲሜትር ቢራራቁ፣ ለዚያው 10 ሜትር የሚያስፈልገው 1.25 ግራም ነው። ከግማሽ በላይ ዘር ይተርፋል። ኢትዮጵያ ውስጥ የተሻሻለ የአትክልት ዘር በአብዛኛው ከውጭ ይገባል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። እንዲህ ባለ ጊዜ ዘርን በእፍኝ መበተን ውድ ልማድ ነው።

ያም ሆኖ በአንድ የጓሮ መደብ ላይ የሚተርፈው የዘር ገንዘብ ትንሽ ነው፤ ዋናው ትርፍ ከጉልበቱ ይገኛል። በእጅ የተበተነ ካሮት ተጨናንቆ ስለሚበቅል ማሳሳት ይጠይቃል። ሥራው አድካሚ ከመሆኑም በላይ ትርፉ ቡቃያ ሲነቀል የሚቀረውን ሥር ያናጋል። በጥብጣብ የተዘራው ሁለቱም ከበቀሉ አንዱን በመቀስ መቁረጥ ብቻ ይበቃል። እርግጥ ጥብጣቡም ጉልበት ይፈልጋል፤ አንድ ጠብታ 6 ሰከንድ ቢወስድ 200ው 20 ደቂቃ ይሆናል። ልዩነቱ ደቂቃዎቹ የሚወጡበት ጊዜ ነው። ክረምቱ ሲገባ መቆፈሩ፣ ችግኝ ማዛመቱና አረሙ በአንድ ላይ ይደራረባሉ፤ በግንቦት ምሽት ግን ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጠ ቤተሰብ የሚሠዋው ሌላ ሥራ እምብዛም የለውም። በኢኮኖሚ ስሌት የአንድ ሰዓት ዋጋ የሚለካው በዚያው ሰዓት ሊሠራ ይችል በነበረው ሌላ ሥራ ነውና፣ የግንቦቱ 20 ደቂቃ ከሰኔው 20 ደቂቃ ይረክሳል።

ይህ ሒሳብ ለሁሉም ሰብል አይሠራም። ካሮትና ሰላጣ ዘራቸው ደቃቅ በመሆኑ ይስማማቸዋል፤ በተለይ ካሮት ተነቅሎ ሲተከል ሥሩ ስለሚጣመም ከመጀመሪያው በቦታው መዘራት አለበት። ቀይ ሥርና ቆስጣ አንዱ የዘር ፍሬ ከአንድ በላይ ቡቃያ ስለሚሰጥ ከማሳሳት አይድኑም። ቲማቲምና ጎመን በችግኝ ይዛመታሉ፤ ባቄላና በቆሎ ደግሞ በጣት ተቆጥረው የሚዘሩ ናቸው። ለእነዚህ ጥብጣብ መሥራት ድካም ብቻ ነው። ያረጀ ዘር የሚለጥፍ ሰውም ይከስራል፤ አስቀድሞ 10 ፍሬ በእርጥብ ሶፍት ጠቅልሎ ስንቱ እንደሚበቅል ማየት ያስፈልጋል።

ከጓሮ ወደ ማሳ ሲኬድ ነገሩ ይለወጣል። በ25 ሳንቲሜትር የተራራቀ 1 ሄክታር 40 ኪሎ ሜትር መስመር አለው፤ ይህም 800,000 ጠብታ ነው። በዚያው የ6 ሰከንድ ስሌት አንድ ሰው በቀን 8 ሰዓት እየሠራ ከ160 ቀን በላይ ይፈጅበታል። የጤፍ ገበሬም ይህን ችግር በሌላ መልኩ ያውቀዋል። በብተና በሄክታር ከ25 እስከ 50 ኪሎ የሚወስደው ጤፍ በመስመር ሲዘራ እስከ 5 ኪሎ ይበቃዋል፤ ነገር ግን መስመሩን በእጅ መዝራት የሚጠይቀው ጉልበት ብዙዎችን ወደ ብተና መልሷል። የእጅ ጥብጣብ ከጓሮ አያልፍም፤ ማሳው የሚያስፈልገው ገበሬው አቅሙ የሚፈቅደው፣ በመስመር የሚዘራ መሣሪያ ነው።